አዲስ የቤተሰብ ኤስዩቪ ስትገዙ ዋጋውን እንዴት ትደራደራላችሁ?

ጥያቄ፦ «ሦስት ልጆች አሉን፤ እናቴም ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። አሮጌዋ መኪናችን ስለጠበበችን ሰባት ሰው የሚይዝ አዲስ ኤስዩቪ ልንገዛ አስበናል። ሾውሩም ሄደን ገና ከመቀመጣችን አሻሻጩ በወር ስንት መክፈል እንደምንችል ጠየቀን። ቀጥሎም አሮጌዋን መኪና በጥሩ ዋጋ እንደሚይዝልን፣ ቅናሹ ግን ለዛሬ ብቻ እንደሆነ ነገረን። ወንድሜ ‹10 በመቶ ካልቀነሱላችሁ ጥላችሁ ውጡ› ይላል። ባለቤቴ ደግሞ ካሽ እንደያዝን ብንነግራቸው ይቀንሱልናል ባይ ነው። ትክክለኛው ዋጋ የትኛው እንደሆነ በምን እናውቃለን? እንዴትስ እንደራደር?»

ምላሽ፦ በወር ስንት መክፈል እንደምትችሉ ለአሻሻጩ አትንገሩት። ጥያቄው ለአቅማችሁ ያሰበ ይመስላል፤ የሚያደርገው ግን ንግግሩን ከመኪናው ዋጋ ላይ አንሥቶ ለመከታተል ወደሚያስቸግር ስሌት መውሰድ ነው። ወርሃዊ ክፍያ የሚወጣው ከመኪናው ዋጋ፣ ከቅድመ ክፍያው፣ ከወለዱና ብድሩ ከሚቆይበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ዋጋው ሳይነካ ጊዜውን ብቻ በማርዘም እናንተ የጠራችሁት ቁጥር ላይ መድረስ ይቻላል፤ ምንም ያልቀነሰላችሁ ሰው ያስቀነሳችሁ መስሏችሁ አመስግናችሁት ትወጣላችሁ።

በቁጥር እንየው። ወለዱ በዓመት 8 በመቶ ይሁንና በቀሪው ዕዳ ላይ ይታሰብ። ከምትበደሩት ከእያንዳንዱ 100 በ36 ወር ስትከፍሉ በየወሩ 3.13 ይደርስባችኋል፤ ሲያልቅ የከፈላችሁት ወለድ 12.8 ገደማ ነው። ያንኑ 100 በ72 ወር ብታደርጉት ወርሃዊው ወደ 1.75 ይወርዳል፤ ጠቅላላ ወለዱ ግን 26.2 ይሆናል። መኪናው ያው፣ ዋጋውም ያው ነው። የተለወጠው ዕዳው ቤታችሁ የሚከርምበት ጊዜና ለአበዳሪው የሚሄደው ገንዘብ ብቻ ነው።

«8 በመቶ» ሲሏችሁም በምን ላይ እንደሚታሰብ ጠይቁ። በቀሪው ዕዳ ላይ ሳይሆን መጀመሪያ በተበደራችሁት ሙሉ ገንዘብ ላይ እስከ መጨረሻው የሚታሰብ ከሆነ፣ በ5 ዓመት ከ100 ላይ 40 ወለድ ትከፍላላችሁ። በቀሪው ዕዳ ላይ ቢሆን ኖሮ 21.7 ገደማ ነበር። ያ የመጀመሪያው «8 በመቶ» በቀሪ ዕዳ ስሌት ሲመነዘር ከ14 በመቶ በላይ ነው። ሁለት ሻጮች አንድ ዓይነት የወለድ ቁጥር ነግረዋችሁ አንዱ ከሌላው ወደ እጥፍ የሚጠጋ ወለድ ሊያስከፍላችሁ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄያችሁ ልምጣ። ትክክለኛ ዋጋ የሚባለው አምራቹ ያወጣው የዝርዝር ዋጋ አይደለም። የዝርዝር ዋጋ አምራቹ «በዚህ ይሸጥ» ብሎ የሚያቀርበው ሐሳብ ነው። አሜሪካ ውስጥ እያንዳንዱ አዲስ መኪና ይህ ዋጋና የኦፕሽኖቹ (የተጨማሪ መሣሪያዎቹ) ዝርዝር መስታወቱ ላይ ተለጥፎ እንዲሸጥ የሚያስገድድ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው፤ ሐሳቡን ያመነጩት ማይክ ሞንሮኒ የተባሉ ሴናተር ስለነበሩ ወረቀቱ እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ያ ሕግ ገዢው ከምን ቁጥር እንደሚነሣ እንዲያውቅ ረድቶታል፤ የት እንደሚያበቃ ግን አይነግረውም። ቁጥሩ ሻጩን የሚያስገድደው አይደለምና ከዚያ በታችም በላይም ይሸጣል።

ሻጩ ለአምራቹ የከፈለበት ፋክቱርም ቢሆን የመጨረሻው እውነት አይደለም። አንዳንድ አሻሻጮች ወረቀቱን አውጥተው «ይኸው፣ እኛ ራሳችን የገዛነው በዚህ ነው፤ ከዚህ በታች ብሸጥ እከስራለሁ» ይላሉ። ወረቀቱ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ብዙ አምራቾች መኪናው ከተሸጠ በኋላ ለአከፋፋዩ፣ ማለትም ለሚሸጥላችሁ ድርጅት፣ ከዋጋው የተወሰነ እጅ ይመልሱለታል፤ በወር ወይም በሩብ ዓመት የተሰጠውን የሽያጭ ኮታ ሲሞላ ጉርሻ ይጨምሩለታል፤ መጋዘን የሞላውን ሞዴል እንዲያወጣ የሚከፍሉት ድጎማም አለ። ከእነዚህ አንዱም ፋክቱሩ ላይ አይታይም። ስለዚህ የሻጩን ወጪ ለማወቅ አትድከሙ፤ አታገኙትም፣ ብታገኙትም አይጠቅማችሁም። የሚጠቅማችሁ ቁጥር ሌላ ነው፦ ያንኑ ሞዴል፣ በዚያው የኦፕሽን ደረጃ፣ በዚያው ሰሞን፣ የተለያዩ ሻጮች በጽሑፍ ለመሸጥ የተስማሙበት ዝቅተኛው ጠቅላላ ዋጋ። ለእናንተ ትክክለኛው ዋጋ እሱ ነው፤ የሚገኘውም በመገመት ሳይሆን በመሰብሰብ ነው።

የወንድምሽ «10 በመቶ» ከአንድ መኪና ላይ ተነሥቶ ለሁሉም የሚሠራ ሕግ ሊሆን አይችልም። አንዱ ሞዴል ላይ 10 በመቶ ማስቀነስ ገና ጅምር ሊሆን ይችላል፤ ሌላው ላይ 2 በመቶ ያገኘ ሰው ጎበዝ ነው። ልዩነቱን የሚፈጥረው ግቢው ውስጥ ስንት እንደዚያ ያሉ መኪኖች እንዳሉና ስንት ሰው እንደሚጠብቃቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 እና በ2022 ፋብሪካዎች የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ አጥሯቸው ምርት ሲቀንሱ፣ በብዙ አገር አዲስ መኪና ከዝርዝር ዋጋው በላይ ተሽጧል። ያን ጊዜ 10 በመቶ ይቀነስልኝ ያለ ሰው ወረፋውን ለቀጣዩ ገዢ አስረክቦ ነው የወጣው።

ከገበያው ሁኔታ ሌላ፣ ከፊታችሁ የቆመችው መኪና የራሷ ታሪክ አላት። አብዛኛው አከፋፋይ ግቢው ውስጥ ያሉትን መኪኖች በራሱ ገንዘብ አልገዛቸውም፤ በብድር ነው ያመጣቸው፤ ሳይሸጡ በቆሙ ቁጥር ወለድ ይከፍልባቸዋል። ባለፈው ሳምንት የገባችውን ለማስቀነስ ትቸገራላችሁ። ስድስት ወር የቆመችዋን ግን ሻጩ ራሱ ሊገላገላት ይፈልጋል፤ በተለይ ቀለሟ ብዙ ሰው የማይመርጠው ከሆነ፣ ወይም ፋብሪካው የተለወጠ አዲስ ሞዴል ሊያወጣ እንደሆነ ከታወቀ።

መኪናዋ ስንት ጊዜ እንደቆመች ለመገመት ጎንበስ ብላችሁ ጎማውን እዩት። ጎኑ ላይ ከተጻፈው ረጅም መለያ መጨረሻ አራት አኃዝ አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። 2324 የሚል ከሆነ ጎማው የተመረተው እ.ኤ.አ. በ2024 በ23ኛው ሳምንት ነው። መለያው ብዙ ጊዜ በአንድ ጎን ብቻ ሙሉ ሆኖ ስለሚጻፍ፣ ካጣችሁት በውስጠኛው ጎን ፈልጉት። በብዙ መኪኖች ላይ የሾፌሩን በር ስትከፍቱ ምሰሶው ላይ የተለጠፈ የምርት ወርና ዓመትም ታገኛላችሁ። ከአንድ ዓመት በላይ የቆመች «ዜሮ ዜሮ» መኪና መጥፎ መኪና ናት ማለት አይደለም። ባትሪዋ ደክሞ፣ ጎማዋም አንድ ቦታ ተጭኖ ከርሞ ሊሆን ስለሚችል ዋጋዋ ያንን ማሳየት አለበት፤ ባትሪውም ተፈትሾ ወይም ተቀይሮ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። የቀኑን ጉዳይ ስታነሡ ድምፃችሁን ማሳደግም ሆነ መውቀስ አያስፈልግም። «ይህች ከተመረተች ዓመት አልፏታል፤ ዋጋዋ ላይ ይህ እንዴት ታሰበ?» ብሎ ጠይቆ ዝም ማለት ይበቃል።

ስለ ካሹ ባለቤትሽ የሚያስበው በአሮጌ መኪና ገበያ ልክ ነው፤ መኪናውን የሚሸጠው ሰው ገንዘቡን ዛሬ በእጁ ማየት ይፈልጋልና። አከፋፋይ ጋ ግን ነገሩ ብዙ ጊዜ ይገለበጣል። እናንተ ከባንክ ብትበደሩም በካሽ ብትከፍሉም አከፋፋዩ ሙሉ ገንዘቡን ይቀበላል። ልዩነቱ፣ ብድሩን በእሱ በኩል ከወሰዳችሁ ከአበዳሪው ኮሚሽን ማግኘቱ ነው። ያ ኮሚሽን አንዳንዴ ከመኪናው ትርፍ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ገና ከበሩ «ካሽ ነን» ማለት ቅናሹን ሊያጠብባችሁ ይችላል። ብድር በሚንዛዛበት ቦታ ደግሞ ካሽ ያለው ገዢ የሚወደድበት ጊዜ አለ። የትኛው እንደሚሠራ አስቀድማችሁ ስለማታውቁ የአከፋፈሉን ነገር ዋጋው በጽሑፍ እስኪቆረጥ አታንሡት። ከጠየቋችሁ «ዋጋውን ካወቅን በኋላ እንወስናለን» በሉ፤ ይህ ውሸት አይደለም፣ ሰውየውንም አያስቀይምም። ዋጋ ሲሰጧችሁ ግን «ይህ ዋጋ በካሽ ለሚገዛም፣ በእናንተ በኩል ለሚበደርም አንድ ነው?» ብላችሁ ማረጋገጥ ግድ ነው፤ ብድር ለሚወስድ ብቻ የሚሠራ ቅናሽ አለና።

እዚህ ላይ አምራቾች የሚያቀርቡት አንድ ምርጫ አለ፦ ወይ የዋጋ ቅናሽ፣ ወይ ዝቅተኛ ወለድ። ሁለቱ አብረው አይሰጡም ይባላል፤ ሰው ደግሞ ቅናሹ በዓይን ስለሚታይ ወደዚያ ይቸኩላል። ዋጋው 100 ቢሆንና 5 ተቀንሶላችሁ 95ቱን በ8 በመቶ በ60 ወር ብትከፍሉ በጠቅላላ 115.6 ታወጣላችሁ። ቅናሹን ትታችሁ 100ውን በ2 በመቶ ብትወስዱት 105.2 ነው። ቅናሹ ትልቅ፣ ብድሩ አጭር ከሆነ ግን ውጤቱ ይዞራል፦ 10 ተቀንሶ 90ውን በ8 በመቶ በ36 ወር መክፈል 101.5 ሲሆን፣ 100ውን በ2 በመቶ በዚያው ጊዜ መክፈል 103.1 ነው። ብድር መውሰዳችሁ የማይቀር ከሆነ ሁለቱንም አስልታችሁ የመጨረሻውን ድምር ብቻ አነጻጽሩ።

የአሮጌዋ መኪና ጉዳይ ሌላው ብዙ ቤተሰብ የሚሸነፍበት ቦታ ነው። አሻሻጩ «በጥሩ ዋጋ እይዝላችኋለሁ» ሲላችሁ ሁለት ንግዶችን አንድ ላይ አሰረ ማለት ነው። አንዱ ጋ አዲሷ 100 ሆና 4 ቢቀነስላችሁ፣ አሮጌዋንም በ30 ቢይዙላችሁ የምትጨምሩት 66 ነው። ሌላው ጋ 7 ቀንሰው አሮጌዋን በ26 ቢይዙ የምትጨምሩት 67 ይሆናል። ሁለተኛው ቅናሹ ወደ እጥፍ የሚጠጋ ሆኖ ሳለ ከኪሳችሁ የሚወጣው በልጧል። አሮጌዋ በደንብ ተያዘችልን ብለው የተደሰቱ ሰዎች አዲሷን በሙሉ ዋጋ ወስደው ሲሄዱ በሥራዬ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ በጣም የሚያሳዝነኝም ይኼ ነው፣ ምክንያቱም እነዚያ ሰዎች ተደራድረው ነው የተሸነፉት። ስለዚህ አሮጌዋን አጥባችሁ፣ የሰርቪስ ወረቀቷን አዘጋጅታችሁ፣ ቢያንስ ሁለት ሌሎች ገዢዎች ዋጋዋን እንዲነግሯችሁ አድርጉ። የአዲሷ ዋጋ በጽሑፍ ካለቀ በኋላ «እንዲህች ያለች መኪናም አለችን፤ በስንት ትይዟታላችሁ?» በሉ። በውጭ ከተባላችሁት ብዙ ካልራቀ ልዋጩ ድካም ስለሚቀንስላችሁ ውሰዱት። በአንዳንድ አገር ግብሩ ልዩነቱ ላይ ብቻ ስለሚታሰብ ልዋጭ ተጨማሪ ጥቅም አለው፤ እናንተ ባላችሁበት እንዴት እንደሆነ ጠይቁ። አሮጌዋን ሊመረምሩ ቁልፏን ከወሰዱም ንግግሩ ከመቀጠሉ በፊት ቁልፉን መልሳችሁ ያዙ።

ዋጋ የሚሰበሰበው እንዲህ ነው። አስቀድማችሁ መኪናውን ምረጡ፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ እናትሽም ልጆቹም ተቀምጠው ይሞክሩት። ብዙ ሰባት ሰው የሚይዙ ኤስዩቪዎች ላይ ሦስተኛው ረድፍ ለልጅ እንጂ ለአዋቂ አይመችም፤ ወደዚያ ለመግባትም ጉልበት ይጠይቃል። ይህን ሳያዩ ተደራድሮ መግዛት፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድ፣ ውድ ነው። በዚያ ቀን ስለ ዋጋ ምንም አትናገሩ፤ «ዛሬ ለማየት ብቻ ነው የመጣነው» በሉ። ቤት ተመልሳችሁ ከአራት ወይም ከአምስት ለማያንሱ ሻጮች አንድ ዓይነት መልእክት ላኩ። እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ይህን ሞዴል፣ በዚህ የኦፕሽን ደረጃ፣ ከእነዚህ ሁለት ቀለሞች በአንዱ ለመግዛት ወስነናል። ግብሩን፣ ማጓጓዣውን፣ የሰሌዳና የወረቀት ክፍያውን ሁሉ ጨምሮ ቁልፍ እስክንረከብ የምንከፍለውን ጠቅላላ ዋጋ በዝርዝር ላኩልን። መኪናው አሁን በእጃችሁ መኖሩንና የተመረተበትን ወር ግለጹ። ዋጋው በካሽም በብድርም ለሚገዛ አንድ መሆኑን አረጋግጡልን። የተሻለውን ዋጋ ከሰጠን ጋር በዚህ ሳምንት እንጨርሳለን።»

መልእክቱ ውስጥ ዋናው ነገር ጠቅላላ ዋጋ መጠየቁ ነው። የመኪናውን ዋጋ ብቻ ካወዳደራችሁ አንዱ ከሁሉ ርካሽ ይመስልና በኋላ «የሰነድ ዝግጅት»፣ «የርክክብ አገልግሎት»፣ «የማጠቢያና የፖሊሽ» እያለ ይደምርባችኋል። ግብርና የሰሌዳ ክፍያ የመንግሥት ናቸውና ማንም አይቀንሳቸውም። ሻጩ ራሱ የፈጠራቸው ክፍያዎች ግን የዋጋው አካል ናቸው፤ «ይህ ቋሚ ክፍያ ነው፣ ሁሉም ይከፍለዋል» ካሏችሁ በዚያው ልክ ከመኪናው ላይ ይቀንሱ።

«መጥታችሁ እንነጋገር እንጂ በጽሑፍ ዋጋ አንሰጥም» የሚሉ ይኖራሉ። አትሂዱ፤ ሌሎቹ ይበቋችኋል። ከመጡት መልሶች ዝቅተኛውን ይዛችሁ፣ ለቤታችሁ ቅርብ ወደሆነው ወይም በሰርቪሱ ወደምታምኑት ሻጭ ተመለሱና «ይህ ቀርቦልናል፤ እዚህ ላይ ብትደርሱ ከእናንተ እንገዛለን» በሉ። ይህን አንድ ጊዜ አድርጉት። በተገኘው አዲስ ዋጋ ደግሞ ወደ ሦስተኛው፣ ከዚያ ወደ አራተኛው እየዞሩ ማጫረት ሻጮቹን ያሰለቻል፤ እውነተኛ ዋጋ የሰጣችሁ ሰው መልስ መስጠቱን ያቆማል። ያልተሰጣችሁንም ዋጋ ተሰጠን አትበሉ፤ ወረቀቱን አሳዩን ይሏችኋል።

በጽሑፍ መደራደር ጊዜ ከመቆጠቡ ሌላ ጥቅም አለው። እ.ኤ.አ. በ1991 ኢያን አይረስ የተባሉ የሕግ ምሁር በቺካጎ አካባቢ አንድ ዓይነት አነጋገር የተለማመዱ ገዢዎችን ወደ አዲስ መኪና ሻጮች ልከው ያገኙትን ውጤት አሳትመው ነበር። ንግግሩ አንድ ሆኖ ሳለ ለነጭ ወንዶች የተሰጠው ዋጋ ለሴቶችና ለጥቁሮች ከተሰጠው ያነሰ ሆነ። ሻጩ ገዢውን አይቶ «ይህ ሰው ስንት ይከፍላል?» ብሎ ይገምታል። መልእክት ላይ የሚያየው ፊት የለም፤ ያለው አራት ሌሎች ሻጮችም የተጠየቁት ግልጽ ጥያቄ ነው።

ወደ ሾውሩም የምትመለሱት ዋጋው ካለቀ በኋላ ነው። «ለዛሬ ብቻ» ስለተባለው ቅናሽ፦ አምራቹ ያወጣው ቅናሽ የሚያበቃበት ቀን በጽሑፍ የተገለጸ ነው፤ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ሻጩ ከራሱ የሚሰጠው ከሆነ ደግሞ ዛሬ የሚያዋጣው ነገም ያዋጣዋል። ይህን የምለው ያለ ምንም ማመንታት ነው፦ ቀን እየቆጠረ የሚያጣድፋችሁ ዋጋ ላይ አትፈርሙ። የወሩ ወይም የሩብ ዓመቱ መጨረሻ ለገዢ ይመቻል የሚባለው ትክክል የሚሆነው ሻጩ ኮታውን ለመሙላት ጥቂት ሲቀረው ነው፤ ቀድሞ ከሞላ ወይም ጭራሽ እንደማይደርስበት ካወቀ ቀኑ ለእሱ ምንም አይለውጥም። መልእክታችሁን በወሩ የመጨረሻ ሳምንት መላክ አይጎዳችሁም፤ ተስፋችሁን ሁሉ ግን በቀኑ ላይ አትጣሉ።

«አለቃዬን ልጠይቅ» ብሎ ተነሥቶ ሲሄድና ሲቆይባችሁ አትጨነቁ። የሚያስቆያችሁ ድካም ሲጫናችሁ እንድትስማሙ ነው። ልጆቹን ይዛችሁ አትሂዱ፤ የራበው ልጅ ከያዘ ወላጅ ጋር መደራደር ለሻጭ ቀላል ነው። የተስማማችሁበት ቁጥር ከተቀየረ «በጽሑፍ የሰጣችሁን ይህ ነው» ብላችሁ አሳዩ፤ ካልተመለሰ ተነሡ። ሁለተኛው ዋጋ በእጃችሁ ስላለ መነሣታችሁ ማስፈራሪያ ሳይሆን እውነት ነው።

ዋጋው ካለቀ በኋላ ሌላ ክፍል ውስጥ ሌላ ሰው ወረቀቶቹን ይዞ ይጠብቃችኋል። በዚህ ሰዓት ብዙዎች ዘና ይላሉ፤ ብዙ ትርፍ የሚገኘው ግን እዚህ ነው። የተራዘመ ዋስትና፣ የቀለም መከላከያ፣ የወንበር ጨርቅ ቅብ፣ የመስታወት ቲንት፣ አላርም፣ የብድር ኢንሹራንስ ይቀርቡላችኋል፤ እያንዳንዱም «በወር ትንሽ ነው የሚጨምረው» ተብሎ። አብዛኛውን ውጭ በብዙ ቅናሽ ታገኙታላችሁ። የተራዘመ ዋስትና ጭራሽ አይረባም አልልም፤ መኪናውን ከፋብሪካው ዋስትና በኋላ ለረጅም ዓመት ለመያዝ ላሰበና ድንገተኛ ትልቅ ጥገና ለሚያናጋው ቤተሰብ ሊጠቅም ይችላል። ግን ብዙ ጊዜ የፋብሪካው ዋስትና ከማለቁ በፊት በኋላም ሊገዛ ስለሚችል ዛሬ መፈረም አያስፈልግም። ማን እንደሚሸፍነው፣ ምን እንደማይሸፍን የሚለውን ገጽ ወስዳችሁ ቤታችሁ አንብቡ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ እዚሁ ላክል። ብድሩ በመጨረሻ ሳይጸድቅ መኪናውን ይዛችሁ አትሂዱ፤ ከቀናት በኋላ «በዚያ ወለድ አልተፈቀደም፤ በሌላ ይፈረም» ተብላችሁ ትጠራላችሁ፤ አሮጌዋ ደግሞ ከእጃችሁ ወጥታለች። ቀብድም ከከፈላችሁ ደረሰኙ ላይ የመኪናው የሻንሲ ቁጥር፣ ጠቅላላ ዋጋው፣ የርክክብ ቀኑና ቀብዱ የሚመለስበት ሁኔታ ይጻፍ። እነዚህ የሌሉበት ቀብድ እናንተን ያስራል፤ ሻጩን ግን ነጻ ይተወዋል።

ይህ ሁሉ የማይሠራበት ቦታም አለ። ቴስላን የመሰሉ፣ ያለ አከፋፋይ በቀጥታ የሚሸጡ አምራቾች ዋጋቸው ለሁሉም አንድ ነው፤ እነሱ ጋ መደራደር ትርፉ ድካም ነው። ወረፋ የሚጠበቅባቸው፣ በተለይ አንዳንድ ሃይብሪድ ሞዴሎችም አይወርዱም። እንዲህ ሲገጥማችሁ ዋጋውን ለመስበር አትታገሉ፤ ሌላ መንገድ ፈልጉ። ብዙ መኪኖች በአንድ መሠረት ላይ ተሠርተው በተለያየ ስም የሚሸጡ ወንድሞች አሏቸው፦ የሀዩንዳይ ሳንታፌና የኪያ ሶሬንቶ፣ የሀዩንዳይ ፓሊሴድና የኪያ ቴሉራይድ እንዲህ ናቸው። አንደኛው ወረፋ ሲኖረው ሌላው ግቢ ውስጥ ቆሞ ታገኙት ይሆናል። የኦፕሽን ደረጃውን አንድ ዝቅ ማድረግም ከየትኛውም ክርክር የበለጠ ገንዘብ ያተርፋል፤ ፓኖራሚክ ጣሪያና ትልልቅ ቸርኬዎች ለሦስት ልጆች ቤት ምን ያደርጋሉ? ደኅንነቱን የሚመለከቱትን ግን፣ ማለትም ለሁሉም ረድፍ የሚደርሱትን በመስኮት በኩል እንደ መጋረጃ የሚወርዱ ኤርባጎችና አደጋ ሲቃረብ በራሱ የሚይዝ ፍሬን፣ ለቅናሽ ብላችሁ አትተዉ። ሾውሩሙ ለሙከራ ሲያስነዳት የነበረችው መኪናም ጥሩ አማራጭ ናት፤ ዋስትናዋ ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠር ብቻ አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ሰሌዳ ካወጣችበት ቀን ጀምሮ ከሆነ ያለፈው ወር ሁሉ ከዋጋው ይቀነስ።

እንግዲህ ለእናንተ የምመክረው ቁርጥ ያለ ነው። ወደዚያ አሻሻጭ ለአሁኑ አትመለሱ። በዚህ ሳምንት ከባንካችሁ የብድሩን ወለድ በቀሪ ዕዳ ስሌት በጽሑፍ አስወጡ፤ አሮጌዋን ሁለት ቦታ አስገምቱ። በሚቀጥለው ሳምንት ለአምስት ሻጮች መልእክቱን ላኩ፤ የመጀመሪያው አሻሻጭም አንዱ ይሁን፣ ማንንም መበቀል አያስፈልግም። ዝቅተኛው ጠቅላላ ዋጋ ለመረጣችሁት ሻጭ ቀርቦ እሱ ላይ ከደረሰ፣ ወይም በጣም ትንሽ ልዩነት ብቻ ከቀረ፣ ተስማሙ። የመጨረሻዋን ሳንቲም ለማውጣት ሌላ ሦስት ሳምንት መዞር አያዋጣም፤ ከዚህ ሻጭ ጋር ለሰርቪስና ለዋስትና ለዓመታት ትገናኛላችሁ።

የመጨረሻውን ክፍያ የምትፈጽሙት መኪናዋን በቀን ብርሃን ካያችሁ በኋላ ይሁን። የሻንሲ ቁጥሯን ከውሉ ጋር አመሳክሩ፤ ኪሎ ሜትሯን አንብቡ፤ ቀለሟን ከጎን ሆናችሁ ተመልከቱ፤ ሁለተኛው ቁልፍ፣ ትርፍ ጎማውና ክሪኩ መኖራቸውን አረጋግጡ፤ የሦስቱንም ረድፍ ቀበቶዎች አንድ በአንድ እሰሩና ፍቱ። የጎደለ ነገር ካለ «በኋላ እንሞላላችኋለን» የሚለውን በቃል አትቀበሉ፤ ምን እንደጎደለና በስንት ቀን እንደሚሟላ ተጽፎ፣ ተፈርሞና ማኅተም ተመትቶበት ይሰጣችሁ፤ ገንዘቡ ከዚያ በኋላ ይለቀቅ።